ወረቀት አላችሁ?

ጥቅምት 9

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የስፌት መኪናዎስ? ሁለቱም ሳያስቸግሩዎ ያክርሙልኝ። አምላክ እድሜዎን እንደ ክር ጥቅል ያርዝመው፤ ውሉም አይጥፋብዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

በስልክ ፈንታ ደብዳቤ ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው። ይህን የምታመጣልዎ ሴት፣ ልብስ በሻንጣ እየያዘች በየጊዜው ወደ አገር ቤት የምትመላለስ ነጋዴ ናት። በሱቅዎ በር ስለምታልፍ መልስዎን ለእሷ ይስጧት።

ሥራ ደህና ነው። የሆቴል አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። የጻፍኩበትን ነገር አይተው እንዳይታዘቡኝ፤ የታጠበ አንሶላ የምንጠቀልልበት ነው። ወረቀት የለኝም። ወረቀት ስለሌለኝ ደግሞ ከቤት ብዙም አልወጣም። ማጠቢያ ቤቱ ከምንተኛበት ክፍል ሥር ስለሆነ በደረጃ ወርጄ እሠራለሁ፣ በደረጃ ወጥቼ እተኛለሁ፣ በቃ።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሰላም ብላለች። ወሬ ስለማያልቅባት ሬዲዮ ነው የምንላት። ሰሞኑን ዝም ብላለች። ጉንፋን ነው መሰለኝ።

አባዬን ደህና ናት ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አይበሉት።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 2

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ያለሽበት ድረስ ይምጣ፤ ደረጃውንም ወርዶ ያግኝሽ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ እልኸኛ ሆኗል፣ አልታጠፍም ይላል። መኪናዋ ግን ከእኔ ትሻላለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወረቀት ስለሌለኝ ከቤት አልወጣም አልሽ። አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ወረቀት ያለቀበት ሰው ወጥቶ ይገዛል እንጂ ወረቀት አለቀብኝ ብሎ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል? በዚያ ሁሉ ፎቅ መሃል አንድ ደብተር የሚሸጥ ሱቅ ጠፋ? ጉድ እኮ ነው! ለማንኛውም አንድ እሽግ ነጭ ወረቀት ልኬልሻለሁ። ነጋዴዋ ይከብደኛል ብላ ስታጉረመርም "የወንድሜ ልጅ እኮ ወረቀት የላትም" አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ማጉረምረሟን ትታ እሽጉን ከሻንጣዋ ከተተችው። ምን እንዳስደነገጣት እንጃ።

ለአባትሽም ነገርኩት። ደህና ናት፣ ወረቀት ብቻ ነው የሌላት አልኩት። እራቱን ትቶ ተነሳ። ወንድሜ ድሮም ትንሹን ነገር ማግነን ይወዳል።

ቀሚስ ልሰፋልሽ አስቤያለሁ። ወገብሽን በክር ለክተሽ፣ ክሩን ቆርጠሽ ላኪልኝ። ሱቁ ደህና ነው። በሩ ቀለም ተቀብቷል፣ ቀይ። ስለ ሱቁ ሌላ የሚወራ የለም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 20

የማከብርዎ አክስቴ፣

በሳቅና በእንባ መሃል ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ጤናና እድሜ አብዝቶ ይስጥልኝ። ወረቀቱ ደረሰኝ!

ሬዲዮ እንደ ሰሞኑ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ወረቀት ያለቀበት ሰው ወጥቶ ይገዛል" የሚለው ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀች ነው! "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ወረቀት ደረሰሽ አይደል፣ ውጪ!" አለችኝና ከአልጋው ወረደች። እሽጉን ደረቷ ላይ አቅፋ በየክፍሉ ዞረች። "እልል በሉ፣ ጓደኛዬ ወረቀት አገኘች!" እያለች። እውነት መስሏቸው እልል ያሉም ነበሩ።

አክስቴ፣ አይቀየሙኝ። የለኝም ያልኩት ወረቀት የሚጻፍበት አይደለም። እዚህ አገር እንድኖር የሚፈቅደው ነው። እኛ በአጭሩ ወረቀት ነው የምንለው። የእኔ ጊዜው ካለፈ ቆየ። ስልኬም አልተበላሸም። ወረቀት የሌለውን የሚይዙት ሰዎች በስልክ ተከታትለው ያገኙናል ሲባል ሰምቼ ነው ያጠፋሁት።

በመስከረም መጥተው ተኳሹን ወሰዱት። ተኳሽ ስል ልብስ ተኳሹን ነው፣ ጠብመንጃ እንዳይመስልዎት። የሬዲዮ እጮኛ ነው። እጁን ይዘው ሲያወጡት ካውያው አንሶላው ላይ እንደጋለ ቀረ፤ አንሶላው ጠቁሮ እስኪጨስ ድረስ ማንም አላነሳውም። ሬዲዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዝም ያለችው። ጉንፋን አይደለም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጫማዬን አድርጌ ነው የምተኛው። የአሳንሰሩ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ብዬ እቆማለሁ። እህል አይወርድልኝም። አንሶላ ሳጥፍ ጠርዙ አይገጥምልኝም፤ አለቃዬም ታዝባለች። አንዳንዴ ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ የሚያወራ ይመስለኛል።

ከሰፈራችን ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል እሁድ እሁድ የጭንቀት ሐኪም ትመጣለች አሉ። በነፃ ነው፣ ስምም አትጠይቅም። ሬዲዮ እንሂድ ብላኛለች። እኔ ግን አልሄድም። አላበድኩም።

ክሩን ልኬያለሁ። ደግሞ ለአባዬ ነገርኩት ያሉት ላይ ስደርስ ሳቄ እዚያው ደረቀ። እሱ ገብቶታል። ምን አለ? እባክዎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 6

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሆዴ፣

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፣ እንዴት እንደሆንሽ ነግረሽኛል። የሚፈልጉሽን ሁሉ አምላክ መንገድ ያስታቸው፤ ደጅሽ ደርሰው ሌላ ከተማ ያግኙት።

የዘገየሁት ስለተናደድኩ ነው። በማን አትበይኝ። በራሴ ተናደድኩ፣ ወረቀት ብዬ ወረቀት የላክሁ ጅል። በአንቺ ተናደድኩ፣ ያንን ሁሉ ተሸክመሽ ደህና ነኝ ስላልሽኝ። የጋለ ካውያ ትተው ሰው ይዘው በሚሄዱት ደግሞ እስካሁንም አልበረደልኝም።

አባትሽ ያን ቀን ምንም አላለም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት የአንቺን አልጋ ያነጥፋል። ሰው ያልተኛበትን አልጋ! ምን እያደረግህ ነው ብለው "ድንገት ትመጣ ይሆናል" አለኝ። "ሳትፈልግ እንዳያመጧት ጸልይ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። ብድግ ብሎ ትራሱን አስተካከለ።

ክሩም ደረሰኝ። ልጄ፣ ማንንም ዋሺ፣ ልብስ ሰፊን ግን አትዋሺ። ከመሄድሽ በፊት የለካሁትን ወገብ ነው የላክሽልኝ፣ ፀጉር ታህል አልጨመረ፣ አልቀነሰ። እህል አይወርድልኝም ያለችው ሌላ ሴት ናት እንዴ? እውነተኛውን ላኪ።

አንቺ ከነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። በሬ ቀይ ተቀባ ያልኩሽ ለውበት አይደለም። ይፈርሳል የሚል ምልክት ነው። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው የቦታው ካርታ አለሽ ወይ አሉኝ። ከየት አመጣለሁ? ሱቁን ሳገኘው ካርታ የሚባል ነገር የጠየቀኝ አልነበረም። እዚያ ወረቀት ይሉታል፣ እዚህ ካርታ ይሉታል፣ ነገሩ አንድ ነው። ይኸው እኔም ወረቀት የለኝም! ተወልጄ ባደግሁበት ሰፈር! ታዲያ መርፌዬን የጣልኩ መሰለሽ? ቀዩ ቀለም ላይ "ክፍት ነው" የሚል ለጥፌበት እሰፋለሁ። የመጣ ይምጣ።

አላበድኩም አልሽ። ማን አበድሽ አለሽ? እኔ ጉልበቴን ታምሜ ሐኪም ጋ ስሄድ እግር የላትም ያለኝ አለ? ጭንቀት ያመመውም ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እነሱ እኮ ገና ሳይይዙሽ እንቅልፍሽን ወስደውታል፣ ምግብሽን ወስደውታል። እሱን አስመልሺ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። ጫማ ላድርግ እንዳትዪ፣ አድርገሽዋል!

አክስትሽ

መጋቢት 15

የማከብርዎ አክስቴ፣

ጤናዎ ይጠበቅ፣ በርዎ ይጠበቅ፣ ቀዩም ቀለም ዝናብ ያጥበው። ሄድኩልዎ።

ሐኪሟ ያሰብኳት ዓይነት አይደለችም። በቋንቋችን ነው የምታወራው፤ እሷም ራሷ ዓመታት ያለ ወረቀት ኖራለች። ክፍሏ ውስጥ የሳሙና ካርቶን ተደርድሯል፤ ካርቶን ላይ ነው የተቀመጥነው። የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳልናገር ጫማዬን አየችና "ስትተኚም አታወልቂውም?" አለችኝ።

"አላወልቅም።"

"ለምን?"

"ለመሮጥ።"

"ወዴት?"

አክስቴ፣ ያን ሁሉ ሌሊት ለመሮጥ ተዘጋጅቼ ወዴት እንደምሮጥ አላሰብኩም! ስስቅ እሷም ሳቀች። "እኔ ደግሞ መስኮት እለካ ነበር" አለችኝ። "ጭንቅላቴ ያልፋል፣ ዳሌዬ አያልፍም።" ከዚያ ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሬዲዮ እጄን ይዛኝ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ሰውነትሽ ዘብ ቆሟል አለችኝ። አላበደም፣ አላጠፋምም፤ የሚቀይረው ያጣ ዘብ ነው አለች። ይሄኔ ሬዲዮ "ታዲያ ፈረቃ እናውጣ!" አለች። ሬዲዮ የቀለደች መስሏት ነበር። ሐኪሟ ግን "እውነትሽን ነው፣ አውጡ" አለቻት። ይኸው እንደ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ ፍርሃትንም በፈረቃ አደረግነው። ከእኛና ከጎረቤት ክፍል ሴቶች አንዷ ተረኛ ትሆንና በሩን ታዳምጣለች፤ ሌሎቻችን እንተኛለን። ያለ ተራዋ ስትፈራ የተገኘች "ሥራዬን አትቀሚኝ" ትባላለች። ሬዲዮ ተራዋ ሲደርስ ወንበሯን በሩ ሥር ታደርግና "ዛሬ ፈሪዋ እኔ ነኝ፣ እናንተ አይመለከታችሁም" ትላለች። የመጀመሪያውን ሌሊት ጥቅልል ብዬ ተኛሁ። ሁልጊዜ አይሆንልኝም። ሲሆንልኝ ግን ጠዋት ይርበኛል።

ዋናውን ልንገርዎ። ሐኪሟ አንድ ቀን ጠበቃ ይዛ መጣች። በራችሁን ቢያንኳኩ የመክፈት ግዴታ የለባችሁም አለን። እንድትከፍቱ የሚያስገድዳችሁ የዳኛ ፊርማ ያለበት ወረቀት ብቻ ነው። አክስቴ፣ ገባዎት? እነሱም ወረቀት ያስፈልጋቸዋል! ይህን ዓመት ሙሉ ወረቀት የሚጎድለን እኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

ሰው ሲደነግጥ አፉ ይደርቃል፣ የሚለው ይጠፋዋል። ስለዚህ ከላኩልኝ እሽግ ላይ ለየክፍሉ አንድ አንድ ወረቀት አደልኩ። ከበሩ በስተጀርባ የምንለውን በዚህ አገር ቋንቋ በትልቁ ጽፈን ለጥፈናል። አሁን በዚህ ፎቅ ላይ ወረቀት የሌለው ክፍል የለም።

እውነተኛውን ክር ልኬያለሁ፤ አይተው እንዳያለቅሱ። ጫማውን ሐኪሟ ባንዴ አይሆንም ስላለችኝ በግራው ጀምሬያለሁ። ግራውን አውልቄ፣ ቀኙን አድርጌ ነው የምተኛው። ሬዲዮ ስታየኝ "ግማሿ ስደተኛ" ትለኛለች።

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 20

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለደጃፍሽ። ክሩን አየሁት። አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ አልቅሻለሁ፣ ጨርቁን ግን እንባ አልነካውም።

ነጋዴዋ ዛሬ ባዶ እጇን መጣች። ደጋግማ አንኳኩታ የከፈተላት የለም። ውስጥ የሰው ኮቴ ሰምቻለሁ ብላ ትምላለች፤ ማንም ግን አልመለሰላትም። ያን ጠዋት ሰዎቹ በዚያ ሰፈር ነበሩ ሲባልም ሰምታለች። ይህን የነገረችኝ ዓይኔን ሳታይ ነው። ደብዳቤዬን ይዛ ነገ ትመለሳለች።

አባትሽ አልጋውን ማንጠፍ ትቷል። አጠገቡ ወንበር አድርጎ ይቀመጣል። ልናገረው ብዬ ሄጄ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። ሰላምታም አልፈልግም። "አለሁ" በዪኝ።

አክስትሽ

ሰኔ 11

አለሁ።

አለሁ፣ አክስቴ! አሁን ሰላምታውን ይቀበሉኝ። ከእግርዎ ሥር ወድቄ ጉልበትዎን እስማለሁ፣ ያን እልኸኛውን።

ነጋዴዋ የሰማችው ኮቴ የእኔ ነው። አልተሳሳተችም። "እኔ ነኝ፣ ክፈቱ" ስትለን ግን አላመንናትም። ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ወረቀት አላሳየችም።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው ሰዎቹ የመጡት። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ኮቴ ሰማሁ፤ የአንድ ሰው አይደለም። በሩ ተመታ። "ክፈቱ!" በሩ ላይ የለጠፍነውን አየሁ፤ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ያን ሁሉ አረፍተ ነገር አጥንቼ፣ ያን ሁሉ እሁድ ተለማምጄ፣ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?

"ወረቀት አላችሁ?"

በገዛ ቋንቋችን! ጮክ ብዬ! እነሱ አንድ ቃል አይገባቸውም። እኔ እንደገና "ወረቀት አላችሁ ወይ?" አልኩ። ሬዲዮ ከአልጋዋ ተነስታ መጣችና ትከሻዬን ይዛ በእነሱ ቋንቋ ደገመችው፤ የዳኛ ፊርማ ያለበት፣ በበሩ ሥር አሳልፉ አለቻቸው። አንድ ወረቀት ገባ። ሬዲዮ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የራሳቸው መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው ያለበት። ዳኛ የሚባል የለበትም። "ይሄ አይደለም" ብላ በመጣበት መልሳ ገፋችው።

እንደገና አንኳኩ። ይሄኔ ከጎረቤት ክፍል "ወረቀት አላችሁ?" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ከፊት ለፊት። ቋንቋችንን የማያውቁት ሁሉ እኔ ያልኩትን እንዳልኩት እየጮሁ ነው፣ "ወራቃት፣ ወራቃት" እያሉ! ኮሪደሩ በሙሉ ጮኸ። ሰዎቹ ትንሽ ቆሙ፣ እርስ በርስ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ኮቴያቸው ወደ ደረጃው ራቀ። ወረቀት የላቸውም፣ አክስቴ! አልነበራቸውም!

ጀግና ሆናለች ብለው ለጎረቤት እንዳያወሩብኝ። ሲሄዱ አንዴ በሩ ሥር ቁጭ፣ አንዴ ብድግ እያልኩ እስከ ማታ ስመላለስ ዋልኩ። ሐኪሟ እሁድን ሳትጠብቅ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ ፎጣ ሰጠችኝና "እያወራሽ እጠፊ" አለችኝ። ፎጣ እያጠፍኩ ነገርኳት፤ የመጨረሻው ጠርዙ ገጠመ። ሊመለሱ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እውነተኛውን ወረቀት ይዘው ሊመጡም ይችላሉ። እስከዚያ ግን እኔን የሚያክሙኝ እዚህ አሉ፣ ሥራዬ እዚህ ነው፣ ተራዬንም እጠብቃለሁ። ተኳሹ እስካሁን አልተፈታም። ያ ጠበቃ ጉዳዩን ይዞለታል፤ ሬዲዮም እጮኛዋን በስልክ ታገኘዋለች። እኔም ስልኬን ከፍቻለሁ፤ ይደውሉልኝ። ደብዳቤውን ግን አይተዉብኝ፣ ወረቀቱ ገና አላለቀም።

አባዬን አልጋዬ ላይ ይተኛ ይበሉልኝ። የእሱ ፍራሽ ያረጀ ነው። እኔ የምመጣው በፈለግሁት ቀን፣ በገዛ እግሬ ነው። ያን ቀን ሌላ አልጋ ይገዛልኛል።

ቀኙ ጫማ አሁንም እምቢ ብሏል።

የወንድምዎ ልጅ

ሐምሌ 7

ለእልኸኛዋ ልጄ፣

ያን ኮሪደር ሙሉ አፍ የሰጠ አምላክ ይመስገን። ሬዲዮን ሳሚልኝ፤ ባትሪዋ አይለቅ። ለጎረቤት እንዳያወሩብኝ ያልሽው ዘግይቷል። አውርቻለሁ።

አባትሽ አልጋሽ ላይ ተኝቷል። "በገዛ እግሬ" የሚለውን ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ፤ ደግሜ አነበብኩለት። ከዚያ ጋደም አለ፣ ይኸው ያንኮራፋል።

እኔም ጋ መጡ። ከአንቺ በተማርኩት በሩ ላይ ቆሜ "ወረቀት አላችሁ?" አልኳቸው። የእኔዎቹ ነበራቸው፣ ማኅተሙም ፊርማውም ሙሉ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት ስላገኘሁበት በእርሳስ አርሜ መለስኩላቸው። ልጁ ሳይወድ አመሰገነኝ።

ሱቁን አፈረሱት፣ ልጄ። ግን መኪናዬን ጎረቤቶቼ ቀድመው ተሸክመው አውጥተውልኛል። ከመንገዱ ማዶ ጫማ ሰፊው በረንዳውን ለቀቀልኝ። "ክፍት ነው" የሚለውን ጽሑፍ መኪናዋ ላይ አንጠልጥዬ፣ እነሱ ሲያፈርሱ እኔ የአንቺን ቀሚስ እዘመዝም ነበር። አቧራው እንዳይነካው ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው ቆሙ። ቆርቆሮው ሲወድቅ ስፌቴ ዝንፍ አላለም። ማታ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ጉልበቴን ይዤ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እንዳንቺ ሐኪም ያለች እዚህ የለችም እንጂ እኔም በሄድኩ ነበር። ጠዋት በረንዳው ላይ ተገኘሁ። ደንበኞቼም ተገኙ።

ቀሚሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ወገቡን በላክሽው ክር ልክ አልቆረጥኩትም፤ እሱ ያንቺ ልክ አይደለም። በሰፊው ቆርጬ ለጊዜው በረጅም ስፌት ሰብስቤዋለሁ። እየወፈርሽ ስትመጪ ክሩን እየመዘዝሽ ልቀቂው።

ርዝመቱን ግን የለካሁት በባዶ እግሯ ለምትቆም ሴት ነው። ጫማ አድርገሽ ብትለብሺው ያጥርሻል። ቀኙንም አውልቂና ልበሺው።

አክስትሽ